ስለ ማደንዘዣ መድኃኒት ጠንቅ፤ ከታሪኩ ያገኘነው



በየዓመቱ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ስለ ሰፈራችን አመሠራረት፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ሌላም ቁም ነገር እንደ አቅማችን ስንጽፍ ቆይተናል። የዘንድሮውን ጽሑፍ ስለ ማደንዘዣ መድኃኒት ያደረግነው ግን እንዲያው ርእስ አጥተን አይደለም። ነገሩ የመጣው ከአንድ አባላችን ነው። እኚህ አባላችን የቡአ ኦፕራሲዮን ከታዘዘላቸው ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። አንዴ የልጅ ሠርግ፣ አንዴ ጾም፣ አንዴ ክረምት እያመካኙ «ዛሬ ነገ» ሲሉ ቆዩ። በመጨረሻ ሕመሙ ጠንቶባቸው ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ እውነቱን አወጡት። «ቢላዋውን እንኳ አልፈራም» አሉን። «እኔ የምፈራው እንቅልፉን ነው። ታላቅ ወንድሜን በዚያን ጊዜ ለትንሽ ነገር አስተኝተውት ሳይነቃ ቀረ። ሬሳውን በጭነት መኪና ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

የምንመልሰው አጣን። «አይዞዎት፣ የዛሬ ሕክምና እንደ ድሮው አይደለም» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ድሮ ምን ነበረ? ዛሬስ ምን ተለወጠ? ከመካከላችን ይህን አስረግጦ የሚናገር ሰው አልተገኘም። ስለሆነም በሕክምና ሥራ ላይ ያሉ አባሎቻችንን ጠየቅን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ያገኘነውን ከዚህ በታች አቅርበናል። ቀኑና ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን በቅድሚያ እናሳስባለን።

ማደንዘዣ ሲባል ብዙ ዓይነት ነው። ጥርስ ሲነቀል ድድ ላይ የሚወጋ አለ፤ በጀርባ አጥንት መካከል ተወግቶ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ አለ፤ በደም ሥር የሚሰጥም አለ። እኛ የምናወራው በአፍና በአፍንጫ፣ በትንፋሽ ስለሚሳበው ነው። እንፋሎቱ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ከሳንባ ወደ ደም ያልፋል፤ ደሙ ወደ አንጎል ያደርሰውና ሰውየው ራሱን ይስታል። ሥራው ሲያበቃ አብዛኛው በመጣበት መንገድ በትንፋሽ ተመልሶ ይወጣል። አስቸጋሪው ነገር መጠኑ ነው። ሲያንስ ሕመምተኛው ይነቃል። ሲበዛ ደግሞ ያው ያስተኛው መድኃኒት መተንፈስን ያቆማል፣ የደም ግፊትን ይጥላል፣ ልብን ያደክማል። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ሰፊ አይደለም።

ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ኦፕራሲዮን የሚደረገው ሕመምተኛው በሰው ተይዞ ነበር። ጎበዝ የሚባለው ሐኪም ፈጥኖ የሚቆርጠው ነው። እግር መቁረጥ በደቂቃ የሚለካ ሥራ ስለነበረ ሆድ ከፍቶ ተረጋግቶ መሥራት የሚታሰብ አልነበረም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የምንጽፈውን ጠንቅ ስታነቡ ይህንን አትርሱብን።

በአሜሪካ አገር በጆርጂያ ግዛት ክሮፎርድ ሎንግ የተባለ ሐኪም በ1842 ዓ.ም. ኤተር አሽትቶ ከአንድ ሰው አንገት ላይ እባጭ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው ጽፎ አላሳወቀም። ዝናውን የወሰደው ዊሊያም ሞርተን የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በቦስተን ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ብዙ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት አንዱን ወጣት ኤተር አሸተተው፤ ጆን ዋረን የተባለው አንጋፋ ሐኪም ደግሞ ከአንገቱ ላይ ያለውን እባጭ ቆረጠ። ወጣቱ አልጮኸም። ወሬው በጥቂት ወራት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰ።

ኤተር ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። ሽታው ያንቃል፣ ያስላል። እንቅልፉ ቶሎ አይመጣም፣ ቶሎም አይለቅም። የነቃው ሰው ሲያስመልሰው ይውላል። ከሁሉ የሚከፋው እሳት መያዙ ነው፤ በሻማና በፋኖስ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ነው። ስለዚህ በኖቬምበር 1847 በኤዲንብራ ከተማ ጄምስ ሲምፕሰን የተባለው የማሕፀን ሐኪም ክሎሮፎርምን ባስተዋወቀ ጊዜ ሁሉም ደስ አለው። ክሎሮፎርም ጣፋጭ ሽታ አለው፣ እሳት አይዝም፣ በመሐረብ ላይ ጥቂት ጠብታ ከተደረገለት በአንድ አፍታ ያስተኛል። ምጥ የያዛቸው ሴቶች ሳይቀሩ አመሰገኑት። ደስታው ሦስት ወር እንኳ አልቆየም።

ሐና ግሪነር የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የምትኖረውም በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል አቅራቢያ ዊንላተን በምትባል መንደር ነው። ያመማት የእግር ጥፍሯ ነው። ጥፍር! ከዚያ ቀደም ጥፍር በኤተር ተነቅሎላት በደኅና ወጥታለች። ጃንዋሪ 28 ቀን 1848 ግን ሐኪሙ ቤቷ ድረስ መጥቶ ወንበር ላይ አስቀመጣትና አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ክሎሮፎርም በጨርቅ አድርጎ አሸተታት። ልጅቱ ፈርታ ታለቅስ ነበር። ጥፍሩ መቆረጥ ሲጀምር አንዴ ተንፈራገጠች፤ ወዲያው ከንፈሯ ነጣ። ፊቷ ላይ ውሃ ረጩ፣ ብራንዲ አጠጧት፣ ደሟን ለማፍሰስ ሞከሩ። አልሆነም። ከመጀመሪያው ትንፋሽ እስከ ሞቷ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም ሲል ሐኪሙ ቃሉን ሰጥቷል። በክሎሮፎርም ሞታ ስሟ በመዝገብ የሰፈረ የመጀመሪያዋ ሰው ይህች ልጅ ናት።

ይኼኔ ክርክር ተነሣ። ሲምፕሰን «ልጅቱን የገደላት ክሎሮፎርሙ ሳይሆን አፏ ውስጥ የፈሰሰው ውሃና ብራንዲ ነው፤ ታንቃ ነው የሞተችው» አለ። ያመጣውን መድኃኒት መከላከሉ ነው፤ ሰው ነውና አይፈረድበትም። ሌላው ወገን «የለም፣ ልቧ ነው የቆመው» አለ። የልጅቱ ቤተሰቦች ከዚህ ሁሉ ክርክር ምን እንዳገኙ እንጃ።

በዚህ መካከል ነገሩን እንደ አንድ ዕድር ጸሐፊ በደብተር የያዘ ሰው ተነሣ። ጆን ስኖው ይባላል፤ በ1854 የለንደንን ኮሌራ ከአንድ የሰፈር የውሃ ፓምፕ ጋር ያገናኘው ያው ሰው ነው። ስኖው የእንግሊዝን ንግሥት ቪክቶሪያን በ1853 ልዑል ሊዮፖልድን በወለደች ጊዜ በመሐረብ ክሎሮፎርም እያሸተተ 53 ደቂቃ አጠገቧ የቆየ ነው። በቤተ መንግሥት የተመሰገነ ሐኪም «መድኃኒቴ ደግ ነው» ብሎ ቢቀመጥ ማን ይጠይቀው ነበር? እሱ ግን በክሎሮፎርም ሞቱ የተባሉትን ሰዎች ከየአገሩ እያሰባሰበ 50 ሰው መዘገበ፤ ዕድሜያቸውን፣ ሕመማቸውን፣ በጨርቅ ይሁን በመሣሪያ መሰጠቱን፣ ከሞታቸው በፊት የታየውን ሁሉ ጻፈ። መጽሐፉ የታተመው እሱ ራሱ ከሞተ በኋላ በ1858 ነው። ስኖው የደረሰበት ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የሚገድለው ጠቅላላው የመድኃኒት ብዛት ብቻ ሳይሆን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው እንፋሎት መወፈሩ ነው። በጨርቅ ላይ የፈሰሰን ክሎሮፎርም ማንም ሊመጥነው አይችልም። ስለዚህ እንፋሎቱን ከአየር ጋር በልክ የሚቀላቅል መሣሪያ ሠራ። ዛሬ በኦፕራሲዮን ክፍል የሚታየው ባለ ቁጥር መዘውር ያለው የማደንዘዣ መሣሪያ የዚያ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ሆኖም ሰው ስኖውን ቶሎ አልሰማውም። ጨርቅና ጠብታ ርካሽ ነው፣ ይቀላል። በሕንድ አገር የሐይደራባድ ገዢ ለጥናት ገንዘብ አውጥቶ በ1888 እና በ1889 ሁለት ኮሚሲዮኖች ተቋቋሙ። በብዙ እንስሶች ላይ ከሞከሩ በኋላ «ክሎሮፎርም ልብን በቀጥታ አያቆምም፤ ትንፋሽን ብቻ ተመልከቱ፣ የልብ ትርታ መቁጠር አያስፈልግም» የሚል ውሳኔ አሳለፉ። በርካታ ሐኪሞችም ይህንን አምነው ተጽናኑ። ሰው ግን መሞቱን አልተወም።

የተቋጠረው ነገር የተፈታው ሐና ግሪነር ከሞተች ከ63 ዓመት በኋላ ነው። በ1911 ጉድማን ሌቪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በድመቶች ላይ ሲሞክር፣ ክሎሮፎርም በብዛት የገባባት ድመት ሳትሆን በስሱ ብቻ የደነዘዘችው ድመት ልቧ በድንገት እየተንቀጠቀጠ እንደሚቆም አየ። ምክንያቱም አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን ሰውም እንስሳም ሲደነግጥ ሰውነቱ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ነው። ክሎሮፎርም ልብን ለዚህ ነገር እንዲሸበር ያዘጋጀዋል። ይህንን ስናነብ ወዲያው ትዝ ያለችን ያች ወንበር ላይ ሆና የምታለቅሰው ልጅ ናት። በፍርሃት የተሞላች፣ በስሱ የደነዘዘች፣ ጥፍሯን በመቁረጥ የደነገጠች። ልቧ የቆመበት ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ለምን ጤነኞች በትንሽ ኦፕራሲዮን፣ ገና ከጅምሩ ይሞቱ እንደነበረም ይህ ያስረዳል። ሐኪሞች ለፈሪ ሕመምተኛ አስቀድመው የሚያረጋጋ መድኃኒት መስጠታቸው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ክሎሮፎርም ሌላም ጠንቅ ነበረው። በ1894 ሌናርድ ጉትሪ የተባለ የለንደን ሐኪም፣ ኦፕራሲዮናቸው በደኅና ያለቀ ልጆች ከቀናት በኋላ እያስመለሳቸው፣ ራሳቸውን እየሳቱ እንደሚሞቱ ጽፎ አሳወቀ፤ ጉበታቸው ተበላሽቶ ነበር። እንዲህ ያለው ሞት ከማደንዘዣው ጋር መያያዙን ለማየት አስተዋይ ዓይን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ልጁ ነቅቶ፣ እናቱን አነጋግሮ፣ ምግብም ቀምሶ ሊሆን ይችላል። ክሎሮፎርም በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ከሥራ ወጣ።

ቦታውን የያዘው ሃሎቴን ነው። ሃሎቴንን በ1951 በእንግሊዝ አገር በአይ.ሲ.አይ. ኩባንያ ውስጥ የሠራው ቻርለስ ሰክሊንግ ሲሆን፣ በ1956 ማይክል ጆንስተን በማንቸስተር ለሕመምተኛ መስጠት ጀመረ። እሳት አይዝም፤ ሽታው አያንቅም፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ሳያለቅሱ ይስቡታል። ርካሽ ስለሆነም በአገራችንና በሌሎች ብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ሃሎቴን ከወሰዱት ሰዎች አንዳንዱ ከቀናት በኋላ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል የሚል ወሬ ከየቦታው መምጣት ጀመረ። እኛ የወፍ በሽታ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው።

አሜሪካኖች ይህንን ለማጣራት ትልቅ ቆጠራ አደረጉ። ከ1959 እስከ 1962 በ34 ሆስፒታሎች የተሰጠውን ከ850,000 በላይ ማደንዘዣ መረመሩ። ጉበታቸው ክፉኛ ተበላሽቶ የሞቱት 82 ሆነው ተገኙ። አብዛኞቹ ሌላ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያት ያልተገኘላቸው 9 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 7ቱ ሃሎቴን የወሰዱ ነበሩ። በሌላ በኩል በጠቅላላው የሟች ቁጥር ሃሎቴን ከሌሎቹ ማደንዘዣዎች የባሰ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ ይህን ሁለት ፊት ያለው ቁጥር አስተውሉት። መድኃኒቱ ለብዙው ሰው ደኅና ነው፤ ለጥቂቱ ግን መርዝ ነው። ማን ከጥቂቶቹ እንደሆነ ደግሞ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም።

ኋላ እንደታወቀው ከተሳበው ሃሎቴን ከ100 እጅ 20 ያህሉ በትንፋሽ ሳይወጣ በጉበት ውስጥ ይፈጫል። ከዚያ የሚወጣው ርዝራዥ ከጉበት ጋር ሲጣበቅ የአንዳንድ ሰው ሰውነት ጉበቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ያስቆጣዋል፤ ሁለተኛው ጊዜ ያጠቃዋል። ስለዚህ አደጋው የሚበረታው በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግመው በሚወስዱት ላይ ነው፤ በአዋቂዎች ይብሳል፣ በሕፃናት ላይ እጅግ ያነሰ ነው። በ1986 የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ሃሎቴን የወሰደ ሰው በ3 ወር ውስጥ እንዳይደገምለት መከረ። ከሃሎቴን በኋላ የመጡት አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን የሚባሉት ወደ ጉበት የሚሄደው ድርሻቸው በጣም ትንሽ ነው፤ የአይሶፍሉሬን ከ100 እጅ 0.2 ብቻ ነው።

ጥርስ ቤት የሚታወቀው ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ማለት ሳቅ የሚያመጣው ጋዝ፣ ዋህ ይመስላል። እሱም ቢሆን በ1956 በኮፐንሃገን የመንጋጋ ቆልፍ የያዛቸውን ሕመምተኞች ቀናት ሙሉ ቢሰጧቸው የደማቸው ሕዋሳት እየመነመኑ ሄዱ፤ ቫይታሚን ቢ12ን የሚያበላሽ መሆኑ ኋላ ተደረሰበት። ለአጭር ጊዜ ሲሆን ይህ ብዙ አያሳስብም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ያላወቅነውና ካነበብነው በኋላ ለብዙ ቀን ከአእምሯችን ያልጠፋው የሜልቦርን ታሪክ ነው።

አውስትራልያ ነው። አንድ የ21 ዓመት ተማሪ መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረና ሆስፒታል ገባ። ልጁ ስለ እግሩ ብዙም አልተጨነቀም። የጨነቀው ማደንዘዣው ነው። «ከዘመዶቼ 10 ሰው በኤተር ሞተውብኛል» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ፈሪ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሐኪሞቹ ግን ጆሮ ሰጡት፤ ኤተር ከሆነ ጠላቱ ብለውም ያኔ አዲስ የነበረውን ሃሎቴንን በጥንቃቄ ሰጡት። ደቂቃዎች ሳይቆዩ የልብ ትርታው ተፋጠነ፣ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ገላው እንደ ምጣድ ጋለ። ወዲያው ማደንዘዣውን አቋርጠው በበረዶ ከበቡት። ልጁ ዳነ። ማይክል ዴንበራ የተባለው ሐኪምና ባልደረባው የቤተሰቡን ታሪክ አጣርተው በ1960 በላንሴት የሕክምና መጽሔት አሳተሙ፤ በዘር የሚተላለፍ ነገር መሆኑንም አሳዩ። ከዚያ በፊት የሞቱት አሥሩ ሰዎች ለየሐኪማቸው አንድ አንድ ያልታደለ ሰው ነበሩ። አሥሩን በአንድ ላይ ያወቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው።

በሽታው ምን መሰላችሁ? ሰውየው በዘወትር ኑሮው ፍጹም ጤነኛ ነው። ነገር ግን በትንፋሽ የሚሳቡት እነዚህ ማደንዘዣዎች፣ ከናይትረስ ኦክሳይድ በቀር፣ እንዲሁም ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው ጡንቻ የሚያዝለው መርፌ ሲነካው ጡንቻው ሳያቋርጥ ይኮማተራል። መንጋጋው ይቆለፋል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ ደሙ ይኮመጥጣል። ከወላጆቹ አንዱ ይህ ካለበት ልጁ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። አንድ ጊዜ ማደንዘዣ ወስዶ ምንም ያልሆነ ሰው እንኳ በሁለተኛው ሊመታ ይችላል። በመጀመሪያው ዘመን ከተያዙት ከ10 ሰው 7 ወይም 8 ያህሉ ይሞቱ ነበር። በ1975 በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ጋይስፎርድ ሃሪሰን ተመሳሳይ በሽታ ባለባቸው አሳማዎች ላይ ሞክሮ ዳንትሮሊን የሚባለው መድኃኒት እንደሚያድን አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በቶሎ በሚገኝበት ቦታ ሟቹ ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም። ችግሩ ዳንትሮሊን ውድ ነው፤ በብዙ አገር በየሆስፒታሉ አይገኝም። መድኃኒቱ በሌለበት አገር ያለው መከላከያ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ለማወቅ ደግሞ ሐኪሙ መጠየቅ፣ ቤተሰቡም መናገር አለበት።

ይህ እጅግ ብርቅ የሆነ በሽታ ነው፤ ማንም አንብቦ እንዳይደነግጥ። ከኦፕራሲዮን በኋላ በብዛት የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ከሦስት ሰው አንዱን ያህል ያቅለሸልሸዋል ወይም ያስመልሰዋል። ይህ በሴቶች ይበዛል፤ በመኪና ጉዞ የሚያስመልሳቸው፣ አውቶቡስ ላይ ሎሚ ይዘው የሚሄዱት ደግሞ የበለጠ ይጠቃሉና ይህንንም አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል፤ የሚከላከል መድኃኒት አለው። ሲነቁ መንቀጥቀጥ አለ፤ ብርድ ልብስ መደረብ ነው። ወደ ሳንባ ቱቦ የገባለት ሰው ጉሮሮው ይከረክረዋል። አረጋውያን ሲነቁ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ነገር ሊምታታባቸው፣ ልጃቸውን ሊስቱ ይችላሉ። በሰፈራችን አንዲት እናት እንዲህ ሆነው ቤተሰቡ «ልክፍት ነው» ብሎ ጠበል ሊወስዳቸው ተነሥቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለቀቃቸው። ቢቆይ ግን ለሐኪም መንገር ነው እንጂ ዝም ማለት አይገባም።

ስለ ምግብ ጉዳይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም፤ የራሳችን ጥፋት ስላለበት። ሐኪም «ሳይበላ ይምጣ» ያለውን ሰው፣ አስታማሚ አዝኖ «ባዶ ሆዱን እንዴት ይቻለዋል?» ብሎ ሌሊት አጥሚት ማጠጣት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ከእኛ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ይህን ለገዛ እናቱ አድርጓል፤ እግዚአብሔር ጠበቃቸው። ከርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም በ1946 የጻፈውን ቢያውቅ ኖሮ አያደርገውም ነበር። ከ44,016 ነፍሰ ጡሮች መካከል 66ቱ በማደንዘዣ እንደተኙ ከሆዳቸው የወጣው ወደ ሳንባቸው ገብቶባቸዋል፤ ሁለቱ በምግብ ታንቀው ሞተዋል። የተኛ ሰው ጉሮሮውን መጠበቅ አይችልም። አሁን የሚሠራበት ደንብ ለአዋቂ ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት መቆየት ሲሆን፣ ሐኪሙ ከዚህ የሚበልጥ ካዘዘ የእሱ ትእዛዝ ይጸናል። አጥሚት ምግብ ነው። ወተትም ምግብ ነው።

ሌላው የተለወጠው ነገር መጠበቁ ነው። ድሮ የሕመምተኛው አየር ማጠር የሚታወቀው ከንፈሩና ጥፍሩ ሲጠቁር ነበር፤ ያኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። በ1974 ታኩኦ አዮያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ሰው ሳይወጋ የሚለካበትን ዘዴ አገኘ። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው ትንሽ መሣሪያ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አባላችን ተመለስን። ሦስት ሆነን አንድ ማታ ሄደን፣ ሳንደብቅ ሳንጨምር፣ ከላይ እንደጻፍነው አወራናቸው። የሜልቦርኑን ልጅ ታሪክ ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «አሥር ሰው!» አሉ። በሳምንቱ ቀጠሮ ያዙ።

በቀጠሮው ዋዜማ አብረናቸው ሆስፒታል ሄድን። የማደንዘዣ ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ መዝገብ ይዛ ትጠይቃለች። «አባባ፣ ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገው ያውቃሉ?» አላውቅም አሉ። «ከቤተሰብ ውስጥ በማደንዘዣ ምክንያት የተጎዳ ወይም የሞተ ሰው አለ?» ይኼኔ ባለቤታቸው ፈጠን ብለው «የለም ልጄ፣ ምንም የለም» አሉ። ልጆቻቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እኛ ደግሞ ደነገጥን። ያን ያህል ስናወራ ቆይተን!

ባለቤታቸውን ኮሪደር ላይ ብንጠይቃቸው ተቆጡን። «በኦፕራሲዮን ዋዜማ የሞተ ሰው ስም ይነሣል? አታሟርቱብኝ!» እውነታቸውን ነው፤ ክፋት የለበትም። ለቅሶ ደርሶ «እንዴት ሞተ?» ብሎ መመርመር ነውር የሆነበት አገር ሰዎች ነን። የዕድራችንም መዝገብ የሟችን ስም፣ ቀኑንና የተከፈለውን ገንዘብ ይይዛል እንጂ የሞቱን ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ብዙ ከተማከርን በኋላ እሳቸው ራሳቸው «በሉ ንገሯት፤ እኔ አፌ አልታዘዘልኝም» አሉን። ነገርናት።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ወንድማቸው በስንት ዓመቱ እንደሞተ፣ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ሰውነቱ ደርቆ ነበር ወይ፣ በልቶ ገብቶ ነበር ወይ እያለች ጠየቀች። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለመንቃቱን። ያኔ «እግዚአብሔር ወሰደው» ከመባል በቀር ምክንያቱን የነገራቸው የለም። «እንግዲያው ምክንያቱ ልቡ ይሁን፣ አየር ይሁን፣ ሌላም ይሁን አሁን ማወቅ አይቻልም» አለች ባለሙያዋ። «ካላወቅን ደግሞ እንደ አደገኛው ቆጥረን እንሂድ። በትንፋሽ የሚሳበውን እንተወውና በጀርባ በሚወጋው እንሠራለን፤ ለቡአ ይበቃል።» ያንኑም በቀይ እስክሪብቶ መዝገቡ ላይ ጻፈችው።

አባላችን በማግሥቱ ነቅተው፣ ሐኪሞቹ ስለ ኳስ ሲከራከሩ እየሰሙ ኦፕራሲዮናቸውን ጨረሱ። ሲወጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «እግሬን የት አደረሳችሁት?» የሚል ነበር፤ ማደንዘዣው ገና አልለቀቃቸውም ነበርና። ማታ ላይ እግራቸው ሲመለስላቸው ልጆቻቸውን ሰብስበው የወንድማቸውን ነገር፣ የከተማውን ስም፣ ዓመቱን፣ የጭነት መኪናውን ጭምር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹ አጎታቸው በምን እንደሞተ አያውቁም ነበር። ትልቋ ልጃቸው ደብተር አምጥታ ጻፈችው።